ነፃ ጨዋታ፣ የተመራ ጨዋታ፣ ስልጠና ወይስ ስክሪን? የልጅን ትርፍ ሰዓት ለመደልደል የሚረዳ ንጽጽር

ከትምህርት ቤት መልስ እስከ መኝታ ድረስ ለአንድ ልጅ የሚተርፈው ጊዜ ቢበዛ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ለዚህ ጊዜ የሚሻሙት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ ተጨማሪ ጥናት፣ ታብሌት። ልጁ በራሱ ፈቃድ የሚጫወትበት ሰዓት ተራ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ ነው። የልጁን የአእምሮ ጤና ካሰብን ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብለን እናምናለን፤ መጀመሪያ የነፃ ጨዋታው ሰዓት ይከበር፣ ሌላው በቀረው ጊዜ ይደልደል። ይህ ማለት ነፃ ጨዋታ ለሁሉም ነገር ከሁሉም ይበልጣል ማለት አይደለም። የማይበልጥበትንም ከዚህ በታች እናሳያለን።

ማን ይወስናል?

አማራጮቹን ለመለየት ዕቃውንና ቦታውን ማየት አይበቃም። ኳስ ይዞ ሜዳ ላይ የቆመ ልጅ በነፃነት እየተጫወተም ሊሆን ይችላል፣ እየሰለጠነም። መታየት ያለባቸው አራት ውሳኔዎች ናቸው፦ ምን እንጫወት? ከማን ጋር? በምን ሕግ? መቼ ይብቃ? በነፃ ጨዋታ አራቱም በልጆቹ እጅ ናቸው። በተመራ ጨዋታ አዋቂው ቦታውንና ዕቃውን ያሰናዳል፣ አንዳንዴም አንድ ሐሳብ ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመራው ልጁ ነው። በስልጠና ውሳኔው የአሰልጣኙ ነው። በስክሪን ደግሞ አብዛኛው ነገር አስቀድሞ የተወሰነው ፕሮግራሙን በሠራው ሰው ነው፤ ልጁ የቀረበለትን ይነካል።

ይህ ልዩነት ለአእምሮ ጤና ትልቅ ክብደት አለው። ጭንቀትና ድብርት ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጋሩት አንድ ስሜት አለ፤ በሕይወቴ የሚሆነው ሁሉ ከእጄ ውጪ ነው የሚል። ይህን ስሜት ምክር ብቻውን አያርቀውም። ልጁ ራሱ አንድ ነገር ጀምሮ፣ ሲበላሽበት ለውጦ፣ ሲሳካለት ማየት አለበት፤ ያውም ደጋግሞ። ነፃ ጨዋታ ይህን በየቀኑ የሚያገኝበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፒተር ግሬይ፣ ዴቪድ ላንሲ እና ዴቪድ ብዮርክሉንድ በጆርናል ኦፍ ፔዲያትሪክስ ባወጡት ጽሑፍ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት የልጆች የአእምሮ ጤና ለመዳከሙ አንዱ ዐቢይ ምክንያት ልጆች ያለ አዋቂ ቁጥጥር የሚጫወቱበትና የሚንቀሳቀሱበት ዕድል መጥበቡ እንደሆነ ተከራክረዋል። ብቸኛው ምክንያት ነው አላሉም፤ እኛም አንልም።

ራስን በመምራት ረገድም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 6 እና 7 ዓመት የሆናቸውን 70 ልጆች የሳምንት ውሎ መርምረው ነበር። ብዙ ጊዜያቸውን በልቅ እንቅስቃሴ ያሳለፉት ልጆች ያለ አዋቂ ጎትጓችነት ግብ አውጥቶ በመሥራት ተሽለው ታይተዋል፤ በአዋቂ የተደራጀ ጊዜ የበዛባቸው ደግሞ በተቃራኒው። ጥናቱ የሚያሳየው ተያያዥነትን እንጂ ምክንያትን አይደለም፣ ነገር ግን በልጆች ጨዋታ ውስጥ በዓይን ከሚታየው ጋር ይገጥማል። ሦስት ልጆች የሱቅ ጨዋታ ጀምረው ሁለቱ ሻጭ መሆን ይፈልጋሉ እንበል። አዋቂ ቢገባ ጭቅጭቁ በ5 ሰከንድ ያልቃል። ካልገባ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይጯጯሃሉ፣ አንዱ አኩርፎ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሱቁ ሁለት ሻጭ ይኖረዋል። ቁጣን መቆጣጠር፣ የሌላውን ስሜት መገመት፣ ሽንፈትን መቀበል የሚለመዱት በእነዚያ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ያለማቋረጥ የሚያለቅስ ወይም የሚያጭበረብር ልጅ ጨዋታው ይፈርስበታል፤ ጨዋታው እንዲቀጥል ስለሚፈልግ ራሱን መግታት ይማራል።

ነፃ ጨዋታ፦ ምን ይፈልጋል፣ የት ይበላሻል?

የመጀመሪያው ያልተቆራረጠ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በ15 ደቂቃና በ30 ደቂቃ የጨዋታ ጊዜ አነጻጽሮ፣ የተራቀቀው የምናብና የቡድን ጨዋታ በብዛት የሚታየው በ30 ደቂቃው እንደሆነ አግኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጆች ሐሳብ እስኪያገኙ፣ ሚና እስኪከፋፈሉና ዕቃ እስኪሰበስቡ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይሄዳል። 15 ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ልጅ ገና ሲጀምር ይቆምበታል፤ ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በኋላ ትልቅ ጨዋታ መጀመሩን ይተዋል። ስለዚህ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ፣ ቢቻል ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይስጡ። በሁለት ስልጠና መሐል የተገኘ 20 ደቂቃ ለእረፍት ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይበቃም።

እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው «ሰለቸኝ» የሚለው ቃል ሲሰማ ነው። ወላጅ ይህን ሲሰማ ወይ ሐሳብ ያቀርባል ወይ ስልክ ይሰጣል። መሰልቸቱ ግን የሽግግሩ አካል ነው። «ይገባኛል፣ የሚሠራ ነገር ታገኛለህ» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ዘወትር በአዋቂ መርሐ ግብር የኖረ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት ቢነጫነጭ አይገርምም፤ ለእርሱ በ20 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ 10 ደቂቃ ይጨምሩ።

ዕቃውን በተመለከተ ትንሽ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸውን 36 ሕፃናት አንዴ 4፣ አንዴ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል አጫውቶ፣ በ4ቱ መጫወቻ ጊዜ አንዱን ዕቃ ረዘም ላለ ጊዜና በብዙ ዓይነት መንገድ እንደተጫወቱበት አሳይቷል። ከ4 እስከ 6 ዕቃ ውጪ ይተዉ፣ ሌላውን ከዓይን ይሰውሩ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ይለዋውጡ። ምርጫው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ነገር መሆን የሚችለው ይቅደም፦ ካርቶን፣ አሮጌ ጨርቅ፣ የእንጨት ኩብ፣ አሸዋ፣ ውሃ፣ ጣውላ፣ ባልዲ። ሠዓሊና ቀራፂው ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልጅ ሊያንቀሳቅሰው፣ ሊያፈርሰውና ሊገጣጥመው የሚችል ነገር በበዛበት ቦታ ፈጠራ ይበዛል። ካርቶኑ ዛሬ መርከብ ነው፣ ነገ ቤት። ቁልፍ ሲጫኑት የሚዘፍን መጫወቻ ግን ነገም ያው ይዘፍናል።

አዋቂውስ? ቅርብ ይሁን፣ ነገር ግን ከጨዋታው ይውጣ። ልጅ እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ጨዋታው ወደ ትርኢት ይለወጣል፤ «እዩኝ» ይበዛል። ሲያዩት ማድነቅም ቢሆን ይቆጠብ። ጣልቃ የሚገባው አካል ሊጎዳ ሲል፣ ወይም አንድ ልጅ ሁልጊዜ የተገለለና የተዋረደ ሲሆን ነው። ይህ ሁለተኛው የነፃ ጨዋታ እውነተኛ ድክመት ነው። በልጆች መካከል የሚፈጠረው ማዕረግ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም፤ የሚያገልል ቡድን ውስጥ የተተወ ልጅ በነፃ ጨዋታ ስም ይጎዳል። እንዲህ ሲሆን ቡድኑን ይቀይሩ፤ ከአንድ ጓደኛ ጋር ብቻ እንዲጫወት ያድርጉ፣ ወይም ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን ያቀላቅሉ። ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ሕጉን ያላላሉ፣ ፉክክሩም ይቀዘቅዛል።

የተመራ ጨዋታ የሚሻልበት ጊዜ

አንድ የተወሰነ ነገር ለማስተማር ከሆነ፣ ለምሳሌ ቅርጾችን፣ ቁጥርን ወይም አዲስ ቃል፣ የተመራ ጨዋታ ከነፃው ይበልጣል። ልጁ በራሱ ሲጫወት ሦስት ማዕዘንን ከሌላው የሚለየውን ነገር ላያስተውል ይችላል፤ አዋቂው ትክክለኛዎቹን ዕቃዎች አሰናድቶ አንድ ጥያቄ ሲጥል ይገባዋል። ጨዋታ መጀመር ለሚቸግረው ልጅም ይኸው መንገድ ይሻላል፤ ኦቲዝም ያለበት፣ ንግግር የዘገየበት፣ ወይም በጣም ዓይን አፋር የሆነ ልጅ «ሂድ ተጫወት» ሲባል ሊጨነቅ ይችላል።

አደራረጉ፦ ዕቃውን አቅርበው ከልጁ ጎን መሬት ላይ ይቀመጡ፤ እርሱ የሚያደርገውን ትንሽ ያስመስሉ፤ ከዚያ ይጠብቁ። ሲናገሩ ከጥያቄ ይልቅ የሚያዩትን ይግለጹ፦ «ረጅሙን ከታች አደረግከው»። ልጁ ጨዋታውን ወደ ሌላ ቢያዞረው ይከተሉት። በብዛት የሚሠራው ስህተት ጨዋታውን ፈተና ማድረግ ነው። «ይሄ ምን ቀለም ነው? ስንት ናቸው?» እየተባለ በላይ በላይ የሚጠየቅ ልጅ ኩቡን ትቶ የአዋቂውን ፊት ማንበብ ይጀምራል። በየ5 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ዝም ማለት ይለማመዱ፤ እየቆዩም ከጨዋታው ይራቁ።

ስልጠናና ክበብ

ችሎታ፣ የቡድን አባልነት ስሜት፣ ከቤተሰብ ውጪ የሚያምኑት አዋቂ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፤ እነዚህን ስልጠና በደንብ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ስፖርት ወደዚያ ለመድረስ ይረዳል። ከእኩዮቹ ጋር መቀላቀል ለሚከብደው ልጅም፣ ቦታውና ሚናው የታወቀ ቡድን ከልቅ ሜዳ ይልቅ ቀላል መግቢያ ሊሆነው ይችላል።

ስልጠናው የነፃ ጨዋታን ቦታ ሊወስድ አይችልም፤ ሕጉ የአሰልጣኙ፣ ዳኛውም አዋቂ ነውና። ጉዳት የሚጀምረው ሲደራረብ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በአንድ ስፖርት ላይ የተወሰኑ ልጆች በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን፣ በዓመትም በአጠቃላይ 3 ወር ከዚያ ስፖርት እንዲያርፉ ይመክራል። ከስልጠና በፊት የሚመጣ የሆድ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ይወደው በነበረው ነገር ላይ መነጫነጭ ከታየ አንዱን ይቀንሱ። የትኛውን እንደሚያስቀሩ ካልለየልዎት ለልጁ እንዲህ ይበሉት፦ «ማንም የማያይህ፣ ማንም የማይሸልምህ ቢሆን የቱን ትቀጥላለህ?»

ስክሪን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል። ከዚያ በላይ ለሆኑት ከሰዓቱ እኩል የሚያስፈልገው ይዘቱንና የሚያፈናቅለውን ማየት ነው። በራሱ እየተከታተለ የሚመጣ ቪዲዮና ልጁ ከጓደኛው ጋር የራሱን ዓለም የሚገነባበት ጌም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የነፃ ጨዋታ ባሕርይ አለው። ያም ሆኖ ሰውነት አይንቀሳቀስም፣ የጓደኛው ፊት አይታይም፣ ተጣልቶ መውጣትም በአንድ ንክኪ ያልቃል።

አንድ ተግባራዊ ምክር፦ ስክሪን ከጨዋታ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ፈጣን ምስል ሲያይ ከቆየ በኋላ ካርቶንና ጨርቅ ቀዝቃዛ ይሆንበታል፣ ቀደም ብለን ያልነው የመሰልቸት ጊዜም ይረዝማል። ወደ መኝታ ሰዓትም አይጠጋ።

ለየትኛው ልጅ የቱ ይቅደም?

ፈሪና ተጨናቂ ለሆነ ልጅ ትንሽ ፍርሃት ያለበት ነፃ ጨዋታ ይቅደም፤ ወላጆች በብዛት የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች የሚወዱትን አስፈሪ ጨዋታ በስድስት ከፍላዋለች፦ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ እንደ ቢላና መዶሻ ያለ መሣሪያ፣ እንደ እሳትና ውሃ ያለ አደገኛ ነገር አጠገብ መጫወት፣ ትግል፣ ከአዋቂ ዓይን መሰወር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌይፍ ኬኔር ጋር ባቀረበችው ሐሳብ፣ ልጁ የሚፈራውን ነገር በራሱ መጠን ደጋግሞ መቅመሱ ፍርሃቱን ያበርዳል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለፍርሃት ሕክምና ከሚጠቀሙበት መንገድ ጋር ይቀራረባል። ዛፍ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ወጥቶ ልቡ ሲመታ ቆይቶ የወረደ ልጅ፣ የልብ ምቱ አደጋ እንዳልሆነና እንደሚያልፍ በሰውነቱ ያውቃል። ቁልፉ መጠኑን ራሱ መወሰኑ ነው፤ ተገፍቶ የወጣ ልጅ ፍርሃቱ ይብስበታል።

ቶሎ የሚቆጣና እረፍት የለሽ ለሆነ ልጅ የውጪ ጨዋታ ከቤት ጥናቱ በፊት ይደረግ፤ ሩጫ፣ መቆፈር፣ ከባድ ነገር መግፋት። ብቸኝነት ለሚሰማው ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያው አንድ ጓደኛ፣ ያው ቦታ ይሁን፤ በየጊዜው አዲስ ልጅ ከሚያመጡለት ይልቅ ትውውቁ ጨዋታውን ያሳድገዋል። ቤት የቀየረ፣ ሰው የሞተበት ወይም ወላጆቹ የተለያዩበት ልጅ ደግሞ አዲስ ክበብ ከመመዝገቡ በፊት ለእቃቃና ለሥዕል ሰፊ ጊዜ ያግኝ፤ በቃል የማይናገረውን እዚያ ያወጣዋል። ለታዳጊዎች ያለ ዓላማ ከጓደኛ ጋር መቀመጥ፣ መዞር፣ ሙዚቃ መሞከር ራሱ ነፃ ጨዋታቸው ነው፤ ጊዜ ማባከን አድርገው አይቁጠሩባቸው።

የውጪ ቦታ አደገኛ ከሆነ ምርጫው ስክሪን ብቻ አይደለም። ጎረቤት ወላጆች በተራ አንድ አዋቂ መድበው፣ ያ ሰው ለደህንነት ብቻ ተቀምጦ ጨዋታውን ሳይመራ ልጆቹን ማሰባሰብ ይቻላል። በጠባብ ቤትም ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ወንበር ለአንድ ሰዓት ይበቃል፤ መዝረክረኩ እስከ ማታ እንዲቆይ ከተፈቀደ።

ደህንነት፦ የሚፈቀድና የሚወገድ

የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ ልጁ አይቶ ሊመዝነው የሚችለውን ስጋት፣ ሊያየው ከማይችለው አደጋ ይለያል። የቅርንጫፉ ከፍታ የመጀመሪያው ነው፤ የበሰበሰው ቅርንጫፍ ሁለተኛው። የአዋቂ ሥራ ሁለተኛውን ማስወገድ ነው።

ልጆች ከመምጣታቸው በፊት የሚከተለውን ይፈትሹ። ከመወጣጫ በታች ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይኑር፣ በዙሪያውም ወደ 1.8 ሜትር ይዘርጋ፤ ሣር ለመውደቂያ አይበቃም። የብስክሌት ሄልሜት መወጣጫ ላይ ይውለቅ፣ ተቀርቅሮ አንገት ሊያንቅ ይችላል። በአንገት የሚታሰር ገመድም እንዲሁ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወደ 3.2 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ የሚያልፍ ዕቃ አይሰጥ። ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ማቃጠል ይችላልና ወዲያውኑ ሆስፒታል። ሕፃን ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ስለሚችል ባልዲው ከጨዋታ በኋላ ይደፋ። ትራምፖሊን ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ብዙ ልጆች አብረው ሲዘሉ ነው፤ አንድ በአንድ ይዝለሉ።

ከዚያ በኋላ «ተጠንቀቅ!» ማለቱን ይተዉ። ቃሉ ምን እንደሚደረግ አይነግርም፤ የሚያስተላልፈው የአዋቂውን ድንጋጤ ነው። «ቀጣዩ እግርህ የት ያርፋል?» ወይም «ያ ቅርንጫፍ ይነቃነቃል?» ይበሉ። ትግልን ከጠብ ለመለየት ፊትና እጅ ይታይ፤ ሲጫወቱ ይስቃሉ፣ እጃቸው ክፍት ነው፣ ጠንካራው ሆን ብሎ ይሸነፋል፣ ሲያበቁም አብረው ይቀራሉ። በጠብ ፊት ይኮሳተራል፣ ቡጢ ይጨበጣል፣ ሲያበቃ ይለያያሉ።

ሳምንቱን መደልደል

የአንድ ሳምንት ውሎ በወረቀት ይጻፉ፤ እንቅልፍ፣ ትምህርት፣ መንገድ፣ ስልጠና፣ ስክሪን፣ ቀሪው። ቀሪው ውስጥ 45 ደቂቃ ሳይቆራረጥ ያለበትን ቀን ያክብቡ። ከአምስቱ የትምህርት ቀናት ሦስቱ ካልተከበቡ አንድ ስልጠና ይቀንሱ ወይም ስክሪኑን ያሳጥሩ፤ እንቅልፍ ግን አይነካ። ከቅዳሜና እሑድ ግማሽ ቀን ባዶ ይተዉ። ያንን ሰዓት ለቅጣት አይንጠቁ፤ የተቆጣ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ያ ነውና።

ጨዋታ ብቻውን የማይበቃበት

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መጫወት የተወ፣ ከሚወዳቸው የራቀ፣ እንቅልፉና አመጋገቡ የተለወጠ ልጅ በባለሙያ ይታይ። አንድን አስፈሪ ትዕይንት ያለ ደስታና ያለ ለውጥ ደጋግሞ የሚጫወት ልጅም እንዲሁ፤ ጤናማ ጨዋታ ታሪኩን ይለዋውጣል፣ ይህኛው እዚያው ይሽከረከራል። ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ከተናገረ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይወሰድ። ሲሄዱ ያዩትን ጽፈው ይውሰዱ፦ ምን ይጫወታል፣ ከማን ጋር፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ጨዋታው በምን ያበቃል፣ ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ። ለሐኪሙ «ተቀይሮብኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ እነዚህ አምስት መልሶች ብዙ ይነግሩታል።